መሲናዋን የሚሸጣት ማነው? የመንግሥትን ራንች ሥጋ አምራች ለማድረግ

በመንግሥት ራንች ሥራ አስኪያጅ ሲቀየር ርክክቡ በቁጥር ነው። ይህን ያህል ላም፣ ይህን ያህል ጊደር፣ ይህን ያህል ኮርማ ተብሎ ይዘረዘራል፤ አስረካቢ ይፈርማል፣ ተረካቢ ይፈርማል፣ ማኅተም ያርፋል። ከዚያች ቀን ጀምሮ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ሌሊት የሚያስበው የከብት መጉደል ነው። አንዲት ላም ብትሞት ቃለ ጉባኤ፣ የሐኪም ማስረጃ፣ ቆዳው የተሸጠበት ደረሰኝ ይጠየቃል። አራት ዓመት ሙሉ ሳትወልድ ስብ የተሸከመች መሲና ግን በማንም አትጠየቅም፤ ቁጥሯ ሙሉ ነውና። ሣሩን ትግጣለች፣ ክትባቱን ትወስዳለች፣ በየዓመቱ ቆጠራ ላይ እንደ አንድ ላም ትመዘገባለች።

የመንግሥት ራንቾች ችግር ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የበጀት፣ የድርቅና የበሽታ ነገር ነው። ሁሉም እውነት ነው። ሥጋ ለማምረት የተነሳ ራንች ግን ከሁሉ በፊት ሁለት ነገር ሊኖረው ይገባል፤ ጥጃን በኪሎ የሚመዘግብ መዝገብና የማትወልደውን ላም በጊዜዋ የመሸጥ ሥልጣን። ትራክተሩ፣ የተሻሻለው ሣርና የማዳቀያው ናይትሮጅን የሚጠቅሙት እነዚህ ሁለቱ ባሉበት ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ራንች ለሚመሩ፣ ሊመሩ ለተመደቡና ከላይ ሆነው ለሚቆጣጠሩ ሰዎች ሲሆን፣ አብዛኛው ምሳሌ ከቦረና ነው።

ራንቹ የቆመበትን ሥራ በአንድ ገጽ ይጻፉ

ከያቤሎ ብዙ ሳይርቅ የሚገኘው የዲድቱዩራ ራንች የተቋቋመው የቦረናን ዝርያ ለመጠበቅና ለማሻሻል ነው። በቻግኒ አካባቢ የመተከል ራንች የተቋቋመው ለፎገራ ዝርያ ነው። በስምጥ ሸለቆ የነበረው የአበርኖሳና በአርሲ ያለው የጎቤ ራንች ደግሞ የቦረና ላሞችን ከፍሪዥያን ጋር እያዳቀሉ ክልስ ጊደሮችን ለገበሬው ያከፋፍሉ ነበር። ዝርያ መጠበቅ፣ የወተት ጊደር ማባዛትና ሥጋ ማምረት ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ዝርያ የሚጠብቅ ሰው የደም ሐረግ እንዳይጠፋ ብሎ ደካማ እንስሳ ሊያቆይ ይችላል፤ ሥጋ የሚያመርት ግን እንዲህ ያለ ምክንያት የለውም። ሁለቱ በአንድ በረት ሲደባለቁ ለእያንዳንዱ ስህተት ከሌላኛው ሥራ ማመካኛ ይገኝለታል።

ስለዚህ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ተነጋግረው መንጋውን በሁለት መዝገብ ይክፈሉት። አንደኛው የዘር መንጋ ነው፤ ከምርጥ ላሞች የተውጣጣ፣ ኮርማና ምትክ ጊደር የሚወጣበት። ሁለተኛው የሥጋ መንጋ ሲሆን የሚወለደው ወይፈን ሁሉ ለሽያጭ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው በር ክፍት ይሁን፤ ከሥጋው መንጋ እጅግ ጥሩ ጥጃ ያሳደገች ላም ወደ ዘሩ ትዛወር፣ ከዘሩ መንጋ የሰነፈችው ትውጣ።

የቦረና ከብት ታሪክ ራሱ ለዚህ ማስረጃ ነው። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ የኬንያ ራንች ባለቤቶች ከደቡብ ኢትዮጵያ የሚወርደውን ይህን ከብት እየገዙ ክብደቱን መዘኑ፣ ትውልዱን መዘገቡ፣ በ1951 እ.ኤ.አ. የአርቢዎች ማኅበር አቋቋሙለት። ዛሬ የኬንያ ቦረን ተብሎ ዘሩ እስከ ዛምቢያና ደቡብ አፍሪካ ይሸጣል። ከሀገሩ የወጣው ከብት የገዘፈው መዝጋቢ ስላገኘ ነው፤ መነሻው ላይ የቀረው ወንድሙም ተመሳሳይ እድል ይገባዋል።

እንደገና ይቁጠሩ፤ አሁን ግን በእጅ እየዳሰሱ

ከርክክቡ ወረቀት በኋላ የሚመጣው ሁለተኛ ቆጠራ በእንጨት በተሠራ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ይደረጋል። ጠንካራ መያዣ የሌለው ራንች ሌላ ምንም ከመግዛቱ በፊት እሱን ይሥራ። ግድግዳው ጎንና ጎኑ የተደፈነ፣ ወለሉ የማያንሸራትት፣ መጨረሻው ላይ አንገት የሚይዝ በር ያለው ይሁን። ከብት በጩኸትና በዱላ የሚገባበት መተላለፊያ ሰውም ከብትም ይጎዳል፤ የተደናገጠች እርጉዝ ላምም ልትጨነግፍ ትችላለች።

እያንዳንዱ እንስሳ ሲያልፍ የጆሮ ቁጥር ይሰጠው፣ ጥርሱ ይታይ፣ ክብደቱ ይመዘን። ሚዛን ከሌለ በደረት ዙሪያ የሚለካው ሜትር ለጊዜው ያገለግላል። ላሟ እርጉዝ መሆኗን ሐኪሙ በእጁ ይመርምር፤ የሰውነቷም ሁኔታ ከ1 እስከ 5 በሆነ ነጥብ ይጻፍ። እረኛውም አጠገብ ይቁም። ዳልቻዋ ባለፈው ዓመት መጨንገፏን፣ ቡላዋ ጥጃዋን እንደማታስጠጋ የሚያውቀው እሱ ነውና፣ ቃሉ በመዝገብ ይግባ።

ከመተላለፊያው መውጫ ላይ ሦስት በር ይኑር። በአንዱ የሚቀሩት፣ በአንዱ የሚሸጡት፣ በአንዱ አንድ የመጨረሻ ወቅት የሚሰጣቸው ይውጡ። የሚሸጡት እነማን ናቸው? ባዶ ሆና የተገኘችና ጥጃ የማታጠባ ላም፣ ጥርሷ ያለቀ፣ ጡቷ የተበላሸ፣ ሁለት ዓመት በተከታታይ ጥጃ ያጣች። በመጀመሪያው ቆጠራ ይህ በር በጣም ሊበዛበት ይችላል። አይደንግጡ፤ የሚወጡት ቀድሞም ቢሆን በወረቀት ላይ ብቻ የነበሩ ላሞች ናቸው።

ለአለቆች ለማስረዳት የሚረዳ ቀላል ስሌት አለ። አንድ ራንች 1,000 ላም ኖሮት ግማሾቹ ቢወልዱና ከጥጆቹ 15 በመቶ ቢሞቱ በዓመቱ መጨረሻ 425 ጥጃ ይኖረዋል። ላሞቹን ወደ 700 ቀንሶ 75 በመቶ ቢያስወልድና የጥጃ ሞትን 5 በመቶ ቢያደርስ ወደ 500 ጥጃ ያገኛል። 300 አፍ ተቀንሶ ወደ 75 ጥጃ ተጨመረ ማለት ነው። የተረፈው ሣር ደግሞ ለጥጆቹ ነው።

ሣሩን ይመዝኑ

ራንቹ ስንት ከብት ይችላል ለሚለው ጥያቄ መልሱ በግምት አይሰጥም። ከሽቦ ወይም ከእንጨት 50 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ይሠራ። ዝናቡ ሲያበቃ በየመስኩ በብዙ ቦታ እየተጣለ በውስጡ ያለው ሣር ታጭዶ ይድረቅና በግራም ይመዘን። የአማካዩ ግራም በ40 ሲባዛ በሄክታር ያለውን ደረቅ ሣር በኪሎ ይሰጣል። አማካዩ 38 ግራም ከሆነ በሄክታር 1,520 ኪሎ ገደማ አለ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ግን አይበላም። ሥሩ እንዲያገግም፣ መሬቱም እንዳይራቆት ሲሦውን ብቻ ለከብት መመደብ ይበጃል። 250 ኪሎ የሚመዝን እንስሳ በቀን የክብደቱን 2.5 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ ወደ 6 ኪሎ ከሩብ፣ በዓመት 2.3 ቶን ገደማ። 5,000 ሄክታር ያለው ራንች በሄክታር 1,500 ኪሎ ቢያበቅል ሲሦው 2,500 ቶን ነው፤ የሚችለውም ወደ 1,090 እንስሳ ብቻ ነው። ይህ ዝናቡ ደህና በሆነበት ዓመት ነው። ልኬቱ በየዓመቱ ይደገም፤ ቁጥሩም የሣሩን ልክ ተከትሎ ይውረድ።

በቦረና ሌላው የሣር ተሻሚ ቁጥቋጦ ነው። አርብቶ አደሩ ከጥንት ጀምሮ በየጊዜው እሳት እየለቀቀ ግጦሹን ያድስ ነበር። በደርግ ዘመን እሳቱ ከተከለከለ ወዲህ ጉንዳን የሚያድርበትን ፉለንሳን የመሰሉ እሾሃማ ግራሮች ብዙ መሬት ወርሰዋል፤ ማተ ጉዴሳና አላሎን የመሰሉ ከብት የሚወዳቸው ሣሮችም በጥላቸው ሥር ሳስተዋል። ቆርጦ መተው ብቻ አይበቃም፤ ብዙዎቹ ከጉቶአቸው ያቆጠቁጣሉ። የሚሻለው መስኩን አንድ የዝናብ ወቅት ከግጦሽ ማሳረፍ ነው፤ ያን ጊዜ እሳት የሚሸከም ሣር ይበቅላል። ከዚያ በቦናው ማብቂያ፣ ዝናብ ሊገባ ሲል፣ የእሳት መከላከያ መስመር ተጠርጎና ጎረቤት ተነግሮ በቁጥጥር ይቃጠላል። የተቃጠለው መስክ ሣሩ በደንብ ሳያቆጠቁጥ ከብት አይግባበት። ይህ ሁሉ ከወረዳው፣ ከአካባቢው ሽማግሌዎችና የግጦሽ አባት ከሆነው አባ ዴዳ ጋር ተመክሮ ይሁን።

ውሃውን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። አንድ ከብት እንደ ሙቀቱና እንደ መጠኑ በቀን ከ25 እስከ 40 ሊትር ይጠጣል። አንድ ኩሬ ብቻ ባለበት ራንች በኩሬው ዙሪያ ያለው መሬት አቧራ ይሆናል፤ ሩቁ ሣር ደግሞ ሳይነካ ያረጃል። አዲስ አጥር ከማጠር በፊት አንድ ተጨማሪ የመጠጫ ገንዳ ማቆም ብዙ ጊዜ የበለጠ መሬት ይከፍታል።

ኮርማው የሚለቀቅበት ቀን

ከዚህ መመሪያ አንድ ክፍል ብቻ መፈጸም የሚችል ሥራ አስኪያጅ ቢኖር ይህን ይያዝ።

በብዙ ራንቾች ኮርማው ዓመቱን ሙሉ ከላሞቹ ጋር ይውላል። ጥጃም በየወሩ ይወለዳል፤ አንዱ በለምለም፣ አንዱ በቦናው መሐል። በጥር የወለደች ላም ወተት የላትም፤ ጥጃዋ ይቀነጭራል፣ እሷም ከስታ እስከ ቀጣዩ ዓመት ኮርማ አትፈልግም። ጥጆቹ በአንድ ዕድሜ ስላልሆኑ ክትባቱም፣ ጡት ማስጣሉም፣ ሽያጩም የተበታተነ ይሆናል።

በቦረና ዋናው ዝናብ፣ ቦረናዎች ገንና የሚሉት፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ አጭሩ ሐገያ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይዘንባል። የላም እርግዝና በአማካይ 285 ቀን አካባቢ ነው። ኮርማው ሰኔ 1 ቢለቀቅ የመጀመሪያው ጥጃ በመጋቢት 10 ገደማ ይወለዳል፤ ዝናቡ ሲገባ ማለት ነው። ላሟ ሣር ሲደርስላት ታጠባለች፤ ሰውነቷ ሳይወርድ እንደገና ኮርማ ትፈልጋለች። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ኮርማዎቹ ከሰኔ 1 እስከ ነሐሴ 30፣ ለ90 ቀን ብቻ፣ ከላሞቹ ጋር ይሁኑ። በቀጣዮቹ ዓመታት ወደ 60 ቀን ይጠበብ፤ ሐምሌ 30 ኮርማው ከወጣ የመጨረሻው ጥጃ በግንቦት 10 አካባቢ ይወለዳል፣ ሁሉም የገንናን ሣር ያገኛል። አንድ ረጅም ክረምት ባለበት እንደ ቻግኒ ባለ አካባቢ ቀኑ ይለወጣል፤ ስሌቱ ግን ያው ነው። ሣሩ የሚደርስበትን ቀን ይያዙና 285 ቀን ወደ ኋላ ይቁጠሩ።

ለ25 ላም አንድ ኮርማ ይመደብ። ከመለቀቁ አንድ ወር በፊት፣ በግንቦት፣ ኮቴው፣ ዓይኑ፣ የብልቱና የቆለጡ ጤንነት ይታይ፤ ለውርጃ በሽታም ደሙ ይመርመር። ያነከሰ ኮርማ በመዝገብ ላይ ቢቆጠርም ላም አይከተልም። አንድ ኮርማ ከሁለት ወይም ከሦስት ወቅት በላይ በአንድ መንጋ ከቆየ የራሱን ልጆች ያገኛቸዋልና ወደ ሌላ መንጋ ይዛወር ወይም ይሸጥ። ሰው ሠራሽ ማዳቀል ጥሩ ነው፤ ሆኖም ኮርማ የምትፈልገውን ላም ጠዋትና ማታ የሚለይ ሰው፣ የማይቋረጥ ናይትሮጅንና የሠለጠነ አዳቃይ ይጠይቃል። በዘር መንጋው ይጀመር፤ በሰፊው መስክ ላለው የሥጋ መንጋ የተመረጠ ኮርማ ይበቃዋል።

ጥጃው ሲወለድ እትብቱ በአዮዲን ይነከር፤ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ውስጥ እንገሩን ይጥባ። የልደት ቀኑ፣ የእናቱ ቁጥርና ክብደቱ በዚያው ቀን ይጻፍ። እዚህ ላይ በግልጽ መነገር ያለበት ነገር አለ። የሥጋ መንጋ ላም አትታለብም። ለሠራተኛ ቤተሰብ ወተት ማስፈለጉ እውነት ነው፤ ለዚህ ጥቂት ላሞች በመዝገብ ተለይተው ይሰጡ። ከየላሙ በስውር የሚታለበው ወተት ከጥጃው ኪሎ ይቀነሳል፣ እረኛውንም ሁልጊዜ ተደባቂ ያደርገዋል።

የኅዳር ሥራ

ኮርማው ከወጣ ሁለት ወር ሲያልፍ እርግዝና በእጅ ይታወቃል። በመጋቢትና በሚያዝያ የተወለዱት ጥጆችም ሰባት ስምንት ወር ይሞላቸዋል። ሁለቱም በኅዳር ይገናኛሉ፤ የሐገያ ሣር ገና አለ፣ ከብቱ ሰውነት አለው፣ ረጅሙ ቦና ደግሞ ደጃፍ ላይ ነው። የዓመቱ ትልቅ ሥራ በዚህ ወር ይሠራ፤ ጥጆች ጡት ይጣሉ፣ ይመዘኑ፣ ላሞች ለእርግዝና ይመርመሩ፣ ክትባት ይሰጥ፣ ባዶዋ ላም በመሸጫው በር ትውጣ።

የጥጆቹ ዕድሜ ስለሚለያይ ክብደታቸው ወደ 205 ቀን ተስተካክሎ ይነጻጸር። የተወለደበት ክብደት ከተመዘነው ይቀነስ፣ ለዕድሜው ቀን ይካፈል፣ በ205 ይባዛ፣ የልደቱ ክብደት ይደመርበት። 25 ኪሎ ተወልዶ በ220 ቀኑ 145 ኪሎ የደረሰ ጥጃ የ205 ቀን ክብደቱ 137 ኪሎ ነው። በዚህ ቁጥር እናቶች ይደረደራሉ። ከላይ ካሉት ሴት ጥጆች ምትክ ጊደር ይመረጣል፤ ከምርጥ እናቶች ከተወለዱት ጥቂት ወንዶች በቀር ሌሎቹ ይኮላሹና ለሥጋ ይደጉ። መልክና ሻኛ ዓይን ይስባሉ፤ ኮርማ ሲመረጥ ግን በቅድሚያ ሚዛኑ ይነበብ።

ጡት የተጣሉ ጥጆች ቦናውን ባዶ መስክ ላይ እንዲያሳልፉ አይተዉ። የቦረና አርብቶ አደር ለጥጆችና ለደካሞች ሣር ከልሎ የሚያቆይበት ካሎ የሚባል ሥርዓት አለው። ራንቹም ይህንኑ ያስፋው። 400 ጥጃ በቀን 2 ኪሎ ድርቆሽ ለ90 ቀን ቢሰጠው 72 ቶን ይሆናል፤ 15 ኪሎ በሚመዝን እስር 4,800 እስር ነው። ድርቆሽ የሚታጨደው ሣሩ ሲያብብ ነው፤ ደርቆ ዘሩን ካረገፈ በኋላ የታጨደ ሆድ ይሞላል እንጂ ጥጃ አያሳድግም። ጨውና ማዕድን ከደጅ ይገኛል፤ ዱብሉቅ አጠገብ ካለው የኤል ሶድ የጨው ጉድጓድ የሚወጣውን ጥቁር ጨው የአካባቢው ሰው ለከብቱ ሲሰጥ ኖሯል። ጭድ ባለበት አካባቢ ደግሞ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውሃ ሟሙቶ 100 ኪሎ ጭድ ላይ ተረጭቶ በላስቲክ ለ21 ቀን ይታፈናል። ዩሪያ በጥንቃቄ ካልተያዘ ይገድላል፤ ከስድስት ወር በታች ላለ ጥጃም አይሰጥም።

ጤና

ክትባት በበሽታ ወሬ ሳይሆን በቀን መቁጠሪያ ይሰጥ። አባ ሰንጋ፣ አባ ጎርባና ጎርርሳ ከዝናቡ በፊት፤ የሳንባ በሽታና የቆዳ እብጠት በዓመት አንዴ፤ የአፍና እግር በሽታ በየስድስት ወሩ። በኢትዮጵያ የአፍና እግር በሽታ ከአንድ በላይ ዓይነት ቫይረስ ስላለው ክትባቱ ከአካባቢው ዓይነት ጋር መግጠሙን ሐኪሙ ያጣራ። ክትባት ከሚመረትበት ከቢሾፍቱ ወጥቶ መንጋው ጋ እስኪደርስ ቅዝቃዜው ካልተጠበቀ የተወጋው ውሃ ነው። ገንዲ ባለባቸው ቆላማ አካባቢዎች የቆላ ዝንብን መቆጣጠር፣ በሌሎቹ መዥገርን በመድኃኒት መርጨት የተለመደ ሥራ ይሁን። አዲስ የገባ ከብት ሁሉ ቢያንስ አንድ ወር ለብቻው ይቆይ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የኢትዮጵያን ከብት ፈጅቶ ክፉ ቀን ያመጣው የደስታ በሽታ በ2011 እ.ኤ.አ. ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። በየመንደሩ ከብት ተከትለው የሄዱ ከታቢዎችና መዝጋቢዎች ያሸነፉት በሽታ ነው፤ የእነሱን ሥራ የሚሠራ ሁሉ ክብር ይገባዋል።

ድርቅ ሲመጣ ማን ይወስን?

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረና አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ከሸፉ። የአርብቶ አደሩ ሀብት በሜዳ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ያለ ድርቅ ዕቅድ ራንች መምራት ይቅር አይባልም።

ዕቅዱ ቀን ይኑረው። ለምሳሌ ገንና እስከ ሚያዝያ 20 በቂ ካልዘነበ ወይፈኖቹና ያረጁት ላሞች በ15 ቀን ውስጥ ይሸጣሉ፤ ሐገያም ከቀረ የሥጋ መንጋው በግማሽ ይቀነሳል፤ የዘር መንጋው ብቻ በድርቆሽ ይያዛል። ውሳኔው አስቀድሞ በቦርድ ወይም በበላይ አካል ጸድቆ ይቀመጥ። ከብቱ ከከሳ በኋላ የሚጠራ ኮሚቴ አጥንት ይሸጣል፤ በድርቅ ጊዜ የከብት ዋጋ በየሳምንቱ ይወርዳል፣ የእህሉ ይወጣል።

ሽያጭ

የመንግሥት ከብት በጨረታ ይሸጣል፤ ይህ ትክክል ነው። ችግሩ ጨረታው የሚወጣው ከብቱ ሲደርስ ሳይሆን ወረቀቱ ሲደርስ መሆኑ ነው። መፍትሔው የዓመቱን የሽያጭ ቀኖች በሐምሌ ማስወሰን ነው። ሁለት ወይም ሦስት ቋሚ ጨረታ፣ በኪሎ ዋጋ፣ ሚዛኑ በገዢው ፊት እየታየ። በዓይን ግምት የሚሸጥ ከብት ለሐሜትም ለሌብነትም በር ይከፍታል።

ቀኖቹ ከገበያው ጋር ይስማሙ። በሀገር ውስጥ የሥጋ ፍላጎት ከጾም ጋር ይወርዳል፣ ከፍስኩ ጋር ይወጣል። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ ነጋዴው ግን ለገናና ለጥምቀት የሚያርደውን በዚያው ጾም ይገዛል። በኅዳር መጨረሻ ወደ ማድለቢያ የገባ ወይፈን በ120 ቀኑ ለፋሲካ ይደርሳል። ለዒድ አል አድሐ የሚፈለገው ደግሞ ቀኑ በየዓመቱ ቀደም እያለ ስለሚመጣ በየጊዜው ይሰላ። የአዳማ አደላቢዎች ከዱብሉቅ፣ ከሐሮበኬና ከኤልዋያ ገበያ የቦረና ወይፈን ገዝተው ለውጭ ገበያ ያደልባሉ፤ ራንቹ አንድ ዕድሜ፣ አንድ ክብደትና የተሟላ የክትባት መዝገብ ያለው መንጋ ካቀረበ ለእነሱ ከተበታተነ ገበያ የተሻለ ምንጭ ነው።

ራንቹ ራሱ ያደልብ? መኖው በቅርብ ከሌለ አይመከርም። የኑግ ፋጉሎ፣ ፉርሽካና ሞላሰስ ያለው በፋብሪካዎቹ አካባቢ ነው፤ እነሱን ቦረና ድረስ ከመጫን ወይፈኑን ወደ መኖው መውሰድ ይቀላል። በስምጥ ሸለቆ ያለ ራንች ግን ሊያደልብ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጭድ በዝቶ ድብልቁ ቀስ በቀስ ይጨመር፤ በድንገት እህል የበላ ከብት ሆዱ ተነፍቶ ይሞታል። በየ15 ቀኑ ይመዘን፤ የሚጨምረው ኪሎ ከሚበላው መኖ ዋጋ በታች የሆነ ዕለት መሸጫው ያ ቀን ነው። የሐረርጌ ገበሬ ሁለትና ሦስት በሬ በእጁ የማሽላና የበቆሎ አገዳ እየመገበ ሰንጋ የሚያወጣው ይህን በዓይኑ ስለሚያውቅ ነው። በኢትዮጵያ አንድ ከብት በአማካይ የሚሰጠው ሥጋ 110 ኪሎ አካባቢ ብቻ መሆኑ ሲታሰብ፣ በእንስሳ 20 ኪሎ መጨመር ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው።

ገንዘቡ፣ ሰዉ፣ ጎረቤቱ

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያበቃል። በቦረና ድርቆሽ የሚታጨደው በግንቦትና በሰኔ መግቢያ ነው፤ ልክ የነዳጁና የቀን ሠራተኛው ሂሳብ ባዶ ሲሆን። ብዙ ራንች ጥሩ ሣር እያየ የሚያልፈው በዚህ ነው። የአጨዳው ውል በየካቲት ይፈረም፣ ገንዘቡም ለብቻው ይያዝ። ለኅዳሩ ሥራ የሚያስፈልገው የጆሮ ቁጥር፣ መርፌና ክትባት ግዢው በሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንት ይጀመር። ከሽያጩ ገቢ የተወሰነውን ራንቹ መልሶ እንዲጠቀምበት ካልተፈቀደ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ለመሸጥ የሚነሳሳበት ምክንያት የለም። የራንቹ ሕጋዊ አቋም፣ የበጀት መሥሪያ ቤት ይሁን ወይስ የልማት ድርጅት፣ ይህን ስለሚወስን ጥያቄው ለበላይ አካል በጽሑፍ ይቅረብ፤ ከሦስት ዓመት የገቢና ወጪ መዝገብ ጋር።

እረኛው የራንቹ ዋና ባለሙያ ነው። ደመወዙ ዝቅተኛ፣ ቤቱ የሚያፈስ፣ ቦቲው የተቀደደ ሆኖ ሌሊት ጅብ እንዲጠብቅ ይጠበቃል። ለእያንዳንዱ እረኛ የታወቀ መንጋ ይሰጠው፤ ጡት እስኪጥል ላደረሰው ጥጃ ሁሉ ማበረታቻ ይታሰብለት። ሌላ ወጪ ሁሉ ቢቀነስ ይህ አይቀነስ።

መሬቱ ደግሞ ታሪክ አለው። ከ1960ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በዓለም ባንክ ድጋፍ በተካሄደው ሦስተኛው የእንስሳት ልማት ፕሮጀክት ሥር፣ በቦረና ሶርዱ በሚባለው ክፍል በኩል፣ ኩሬና መንገድ ተሠርቷል፤ ራንቾችም ተከልለዋል። ከተከለለው መሬት ውስጥ ብዙው የአርብቶ አደሩ የቦና ግጦሽ ነበር። ሰው በድርቅ ጊዜ አጥር ሲያፈርስ ለምን እንደሆነ ማስታወስ ያስፈልጋል። ጠመንጃ ያለው ጥበቃ ከመጨመር ከአባ ዴዳውና ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጦ መዋዋል ይበልጣል። በከፋ ድርቅ የትኛው መስክ ለጎረቤት ጥጆች እንደሚከፈት፣ ለስንት ቀን እንደሆነ፣ በልዋጩም እሳትና ሌብነትን ማን እንደሚጠብቅ ይጻፍ። ራንቹ ከአርብቶ አደሩ ምርጥ ጊደሮችን ይግዛ፤ የተፈተኑ ኮርማዎችን መልሶ ይስጥ፤ ልጆቻቸው ስንት ኪሎ እንደደረሱም ተከታትሎ ይመዝግብ።

ለመጀመር ዛሬ ምን ይደረግ? ወሩ ሐምሌ ከሆነ የሽያጭ ቀኖችና የግዢ ጥያቄ ይጸድቁ፣ መተላለፊያው ይሠራ። ነሐሴ 30 ኮርማዎቹ ከላሞቹ ተለይተው በራሳቸው መስክ ይዋሉ፤ ጠንካራ አጥር ከሌለ በልዩ እረኛ። በኅዳር መንጋው በሦስቱ በር ይለፍ። በመጀመሪያው ዓመት ጥጆች ገና ተበታትነው ይወለዳሉ፤ ከሰኔ በፊት ከአሮጌው ልማድ የተረገዙ ናቸውና። ከሁለተኛው ዓመት መጋቢት ጀምሮ ግን በረቱ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ በጥጃ ይሞላል። ያን ጊዜ በርክክቡ ቅጽ ላይ ከከብት ቁጥር ቀጥሎ ሦስት ዓምድ ይጨመር፤ ጡት የጣሉ ጥጆች ብዛት፣ አማካይ የ205 ቀን ክብደታቸው፣ በኅዳር ባዶ ሆነው የተሸጡ ላሞች።